ለ1990 ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ሱፐርቻርጀር መግጠም፦ ሱሉልታ ላይ ያዋጣል?

ሱሉልታ_1600 | ማክሰኞ ማታ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። እ.ኤ.አ. የ1990 ማዝዳ ኤምኤክስ-5 አለችኝ፤ 1.6 ሞተር፣ ባለ 5 ማርሽ፣ መሪዋ በግራ። ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ነው የገዛኋት፤ ቀረጧ ተከፍሏል፣ ሊብሬዋም በስሜ ዞሯል። ሸራዋ ተጥፏል፣ ቀለሟ ጠውልጓል፣ ሞተሯ ግን ዘይት አይበላም፣ ጭስም የለውም።

ችግሬ ዳገቱ ነው። ቤቴ ሱሉልታ፣ ሥራዬ ፒያሳ። ማታ ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ ስወጣ ሰው የጠቀጠቀ ዶልፊን ጥሩምባውን እየነፋ ይደርብኛል። የስፖርት መኪና ናት ብዬ ለሰው ማውራት ትቻለሁ። መጽሐፏ 115 የፈረስ ጉልበት ይላል፤ የት እንደገባ እንጃ።

ሻርጃ የሚሠራ የአክስቴ ልጅ ከሚኒ ኩፐር ኤስ የወረደ ኢተን ኤም45 ሱፐርቻርጀር (በሞተሩ ቺንጋ እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚጠቀጥቅ ዕቃ) አገኘሁ ብሎ ፎቶ ልኮልኛል። አሜሪካ ውስጥ ለዚህችው መኪና በዚሁ ኤም45 የተሠራ ኪት ይሸጥ እንደነበር አንብቤያለሁ። 6 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ሰጥተው ሲሶ ያህል ጉልበት ጨመርን ይላሉ። እዚህ አገር የሞከረ አለ? የሚታሰርበትን ብረት፣ ብራኬቱን፣ የሚሠራ ቶርኖ ቤትስ? ሞተሩ ሳይከፈት ይችለዋል? ብሩን ሳላወጣ ብትሰድቡኝ ይሻለኛል።

ቀይ_ካንዴላ | ማክሰኞ ማታ 3፡18

ግጠመው! ፉጨቱ ብቻ ይበቃል። ሌላውን እነሱ ይነግሩሃል።

የቶርኖ_ልጅ | ማክሰኞ ማታ 4፡05

ለገጣፎ ቶርኖ ቤት አለን፤ ብራኬት መሥራቱ ቀላሉ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አድርግልኝ። ኮፈኑን ክፈትና ከሞተሩ ፊት ለፊት፣ ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ጫፍ ላይ የተቀመጠውን ፑሌጃ፣ ቺንጋ የሚዞርበትን ክብ ብረት፣ እይ። መሃሉ ካለው ቡሎን ዙሪያ የተቀደዱትን ክፍተቶች ቁጠር፤ 4 ናቸው ወይስ 8?

ለምን መሰለህ፤ የ1990 እና የ1991 መጀመሪያ 1.6 ሞተሮች የክራንካቸው አፍንጫ አጭር ነው። ፑሌጃውንና የታይሚንግ ቺንጋውን ጥርስ ከክራንኩ ጋር የሚያያይዛት ትንሽ የብረት ሽብልቅ አለች። ቺንጋ ሲቀየር ቡሎኑ በደንብ ካልጠበቀ ጥርሱ መላወስ ይጀምራል፣ ሽብልቋ የተቀመጠችበትን ጎድጎድ ታሰፋዋለች፣ የታይሚንጉ ልክ (ቫልቮቹ የሚከፈቱበትና ካንዴላው የሚፈነጥቅበት ሰዓት) ወደ ኋላ ይቀራል። ያኔ መኪናው አቅም ያጣል። ልብ በል፣ አቅም ያጣል ነው ያልኩህ። አንተ «የት እንደገባ እንጃ» ያልከው ጉልበት እዚያ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። 8 ክፍተት ያላቸው በኋላ የወጡት ናቸው፤ አፍንጫቸው ረዝሟል፣ ይህ ችግር የለባቸውም።

ሱፐርቻርጀር በቺንጋ ነው የሚዞረው፣ ቺንጋውን የሚጎትተው ደግሞ ያው ፑሌጃ ነው። አጭር አፍንጫ ላይ ተጨማሪ ጭነት መስቀል ማለት ምን እንደሆነ አንተው አስበው።

ጋሽ_ማርሚታ | ረቡዕ ጠዋት 1፡40

ልጄ፣ እኔ ወጣት ሳለሁ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ዙር ላይ ነው ማርሽ የምትቀይረው?» ነበር። እስቲ ንገረኝ። የዚህ ሞተር ሙሉ ጉልበት የሚገኘው 6,500 ዙር ላይ ነው፤ ዋናው ጉተናውም 5,500 አካባቢ። ከዚያ በታች የምትነዳው ከሆነ የቤተሰብ መኪና ነው የያዝከው።

ሁለተኛ፣ የራዲያተሩን ክዳን ቀይር። ትንሽ ነገር ነው ብለህ አትለፈው። እናንተ ጋ ውኃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ላይ ነው። የመኪናህ ተርሞስታት፣ ውኃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው በር፣ የሚከፈተው 88 አካባቢ። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ በተርሞስታቱና በመፍላቱ መካከል ያለችው ልዩነት ምንም ማለት አይደለችም። ደህና ክዳን 0.9 ባር ከያዘልህ መፍላቱ ከ110 በላይ ይሄዳል። ሱፐርቻርጀር ስትጨምር ደግሞ ሙቀት ነው የምትጨምረው፤ የ30 ዓመት ራዲያተር ይዘህ ወደዚያ አትሂድ።

ሦስተኛ፣ የአራቱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ ሲጨምቅ የሚያወጣውን ግፊት) አስለካ። አንዱ ከሌሎቹ ርቆ ከወረደ ፋሻው ወይም ቫልቩ አልቋል፤ በዚያ ላይ አየር መጠቅጠቅ ሞተር መግደል ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ሌላ እንዲህ ያለች መኪና እንዲህ በቀላሉ አታገኝም።

ሱሉልታ_1600 | ረቡዕ ቀን 7፡30

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ 3,500 ላይ ነው የምቀይረው። የቤንዚን ሰልፉን ሳስታውስ እግሬ እሺ አይለኝም። ክዳኑን ዛሬውኑ አየዋለሁ።

የቶርኖ ልጅ፣ ማታ በባትሪ መብራት ቆጥሬ እነግርሃለሁ።

ሒሳብ_በደብተር | ረቡዕ ማታ 2፡15

ይህንን ጥያቄ ሰው ሁሉ ከኢንተርኔት ባነበበው ቁጥር ይጀምረዋል፤ ያ ቁጥር ደግሞ የተጻፈው ባሕር ጠረፍ አጠገብ ለሚኖሩ ሰዎች ነው። ስለዚህ ከአየሩ ልጀምር።

ባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ነው። 2,350 ሜትር ላይ፣ መሃል አዲስ አበባ በሉት፣ ወደ 76 ይወርዳል። 2,700 ሜትር ላይ፣ ሱሉልታ፣ ወደ 73። ሯጮቻችን ሱሉልታ ድረስ ሄደው የሚለማመዱት ለዚሁ ቀጭን አየር ነው፤ ልዩነቱ እነሱ ደማቸው ይለምደዋል፣ ሞተር አይለምድም። 73ን ለ101 ስናካፍል 0.72። ስለዚህ 115ቱ የፈረስ ጉልበት ቤትህ በር ላይ 83 አካባቢ ነው። የት እንደገባ ይኸው። መኪናዋ ጤነኛ ብትሆን እንኳ።

አሁን ሱፐርቻርጀሩ። ኤም45 የሚባለው በአንድ ዙር 45 ኩዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 0.74 ሊትር አየር ስለሚያስተላልፍ ነው። በክራንኩ ፍጥነት ታስሮ የሚዞር ስለሆነ የቦታው ከፍታ ምን ያህል እንደሆነ አያውቅም፤ ያገኘውን አየር ልክ አንድ ዓይነት እጥፍ ያደርገዋል። አሜሪካዊው 6 ፒኤስአይ ሲል 41 ኪሎፓስካል ጨመርኩ ማለቱ ነው፤ 142 ለ101፣ ወይም 1.4 እጥፍ። አንተ ያንኑ ፑሌጃ ይዘህ ሱሉልታ ላይ 73ን በ1.4 ታባዛለህ፤ 102። ጌጁ ላይ 6 ሳይሆን 4 ፒኤስአይ ብቻ ታያለህ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ሱፐርቻርጀሩ አልቋል፣ ተታለልኩ» ይላል። አልተታለለም።

ጥሩው ነገር፣ እጥፉ አንድ ስለሆነ በመቶኛ የምታገኘው ጭማሪም ተቀራራቢ ነው። አሜሪካዊው በ115 ላይ ሲሶ ጨምሮ 153 ካየ፣ አንተ በ83 ላይ ሲሶ ጨምረህ 110 ታያለህ። ማለትም ያን ሁሉ ወጪ አውጥተህ የምትደርሰው ፋብሪካው መጽሐፍ ላይ የጻፈው ቁጥር አጠገብ ነው። እኔ ይህን መጥፎ ውጤት አልለውም፤ ነገር ግን 150 እየጠበቀ ብር የሚያወጣ ሰው ይናደዳል።

ቀይ_ካንዴላ | ረቡዕ ማታ 2፡31

ስለዚህ ትንሽ ፑሌጃ አድርጎ በፍጥነት ማዞር ነዋ። ምንድነው ችግሩ?

ሒሳብ_በደብተር | ረቡዕ ማታ 2፡58

ሁለት ነገር። ኤም45 በደቂቃ ከ14,000 ዙር በላይ እንዲዞር አልተሠራም። የማዝዳው ሞተር እስከ 7,200 ይሄዳል። ስለዚህ የክራንኩ ፑሌጃ ስፋት ከሱፐርቻርጀሩ ፑሌጃ 1.9 እጥፍ በላይ መሆን የለበትም። 130 ሚሊሜትር ለ70 ብትሠራ 7,000 ላይ 13,000 ይዞራል፤ ድንበሩ ላይ ነህ።

ሌላው ሙቀት ነው። ይህ ዓይነቱ ሱፐርቻርጀር አየሩን በውስጡ አይጨምቅም፤ አካፍሎ ወደ ማኒፎልዱ፣ አየሩን ለሲሊንደሮቹ ወደሚያከፋፍለው ቧንቧ፣ ይገፋዋል፣ መጨመቁ የሚሆነው እዚያ ነው። በዚህ ምክንያት አየሩን ከሚገባው በላይ ያሞቀዋል። ብቃቱን 55 በመቶ ብለን ብንወስድ፣ በ1.4 እጥፍ 18 ዲግሪ የገባ አየር 71 ሆኖ ይወጣል። ባሕር ጠረፍ ላይ ያለውን አሜሪካዊ ግፊት፣ 142ን፣ ሱሉልታ ላይ ልድረስበት ካልክ ወደ 2 እጥፍ ያስፈልግሃል፤ ያኔ የሚወጣው አየር 130 ዲግሪ ይጠጋል። የሞቀ አየር ቀጭን አየር ነው፤ ያተረፍከውን መልሶ ይወስድብሃል፣ በዚያ ላይ ሞተሩን ያንኳኳዋል፤ ቤንዚኑ ያለ ሰዓቱ ይፈነዳል ማለት ነው። ኢንተርኩለር፣ የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ራዲያተር፣ ያስፈልጋል የምንለው ለዚህ ነው።

1.6 እጥፍ ከኢንተርኩለር ጋር ለዚህ ሞተር የሚበቃ ይመስለኛል። 73 በ1.6፣ 117።

ቱርቦ_ቡራዩ | ረቡዕ ማታ 3፡20

ወንድሜ ሒሳብህ ጥሩ ነው፤ መደምደሚያህ ግን ቱርቦ መሆን ነበረበት። ለቀጭን አየር የተፈጠረው ቱርቦ ነው። ዌስትጌቱ፣ ትርፉን ጭስ የሚያሳልፈው በር፣ የሚፈልገውን ግፊት እስኪያገኝ ድረስ ተርባይኑ በፍጥነት ይዞራል፤ ከፍታውን ራሱ ያካክሳል። በጭስ ነው የሚሠራው፣ ቺንጋ የለው፣ ክራንኩን አይጎትት። የአጭር አፍንጫው ጭንቀትም በዚያው ይቀራል።

ሒሳብ_በደብተር | ረቡዕ ማታ 3፡44

እህትህ ነኝ። 🙂

ስለ ከፍታው ትክክል ነህ፣ አልከራከርም። አቪዬሽን ውስጥም የፒስተን አውሮፕላኖች ቱርቦ የወሰዱት ለዚያው ነው። ግን ሰውየው የሚፈልገው ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ሲወጣ በ2,500 ዙር ወዲያው የሚገፋ ነገር ነው፤ እዚያ ላይ ሱፐርቻርጀር ሳያስጠብቅ ይሰጣል። ቱርቦ ደግሞ የጭስ ማኒፎልድ ብየዳ አለው፤ ብረቱ ቀልቶ ሲቀዘቅዝ የማይሰነጠቅ ማኒፎልድ የሚበይድ ሰው ካለህ ቁጥሩን አስቀምጥልን። የዘይት መስመር ገብቶ ይወጣል፣ በመሪው ዘንግ አጠገብ ቦታ ይጠብባል። ክራንኩ 4 ክፍተት ከሆነ ግን ክርክሬን አነሣለሁ።

ቱርቦ_ቡራዩ | ረቡዕ ማታ 3፡50

ይቅርታ እህቴ። ስለ ብየዳው፣ የእኔ ማኒፎልድ ከሥሩ ተሰንጥቆ እንደገና አሠርቼዋለሁ። የተሠራው በስስ ቧንቧ ነበር። ወፍራም የእንፋሎት ቧንቧ ክርን ተጠቅመው የሚበይዱ አሉ፤ ክብደቱ ይጨምራል እንጂ ይቆያል።

ቪትዝ_ነኝ | ሐሙስ ጠዋት 2፡12

ለቪትዝ ይሆናል?

ጋሽ_ማርሚታ | ሐሙስ ጠዋት 2፡20

አይሆንም ልጄ።

የአዋሽ_መስመር | ሐሙስ ቀን 6፡05

ገላን ነው የምኖረው፤ በዚህ መስመር ከጭነት መኪና ጋር ነው ኑሮዬ። ማንም ያላነሣውን ልጠይቅ። ይህች መኪና ሱሉልታ ብቻ ነው የምትኖረው? ክረምት ሲወጣ ወደ አዋሽ፣ ወደ ድሬዳዋ ልሂድ ቢልስ? ላይ የተስተካከለ ሞተር ታች ሲወርድ ጠባዩ ይለወጣል። የጭነቶቹን ናፍጣ ትተን በቤንዚን የሚሄዱትን ያየሁት ነው፤ ላይ ጸጥ ያለ ሞተር አዋሽ ሲደርስ «ቅጭልጭል» ይላል።

ሒሳብ_በደብተር | ሐሙስ ማታ 1፡35

ይህ ከሁሉም የላቀ ጥያቄ ነው፤ ትናንት ራሴ መጨመር ነበረብኝ።

አዋሽ ሰባት ኪሎ 1,000 ሜትር አይሞላም። ግፊቱ 90 ኪሎፓስካል። ሱሉልታ ላይ 117 የሰጠህ 1.6 እጥፍ እዚያ 144 ይሰጥሃል፤ ፑሌጃውን ሳትነካ፣ ምንም ሳትቀይር። ከዚያ የአየሩን ሙቀት ጨምርበት፤ ሱሉልታ 18 ዲግሪ የነበረው አዋሽ 38 ሊሆን ይችላል። የዚህ ሞተር የኮምፕሬሽን ምጣኔ፣ ማለትም ፒስተኑ ድብልቁን ስንት እጥፍ እንደሚያጠብበው፣ 9.4 ለ1 ነው፤ ፋብሪካው ያለ ሱፐርቻርጀር እንዲሠራ አስቦ ያወጣው ልክ ነው። ቶዮታ በ4ኤ-ጂኢ ሞተሩ ላይ ሱፐርቻርጀር ሲገጥም፣ 4ኤ-ጂዜድኢ የሚባለውን ሲያወጣ፣ መጀመሪያ ኮምፕሬሽኑን ወደ 8 ለ1 ነው ያወረደው። ፋብሪካው ራሱ ያንን ካደረገ፣ እኛ 9.4 ይዘን ታች ስንወርድ መጠንቀቅ አለብን ማለት ነው።

ከፍታ ላይ ነዳጁ ይታገሳል። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅ ስለሚል ያው ቤንዚን አያንኳኳም። አዲስ አበባ ላይ «ምንም አላለም» የሚባለው ማስተካከያ ሁሉ ይህንን ይቅርታ የሚጠቀም ነው። ስለዚህ ፑሌጃ የሚመረጠው በምትኖርበት ሳይሆን መኪናዋ በምትደርስበት ዝቅተኛ ቦታ ነው። ወይም ደግሞ ለታች ጉዞ ሌላ ሰፊ ፑሌጃና ሌላ ቺንጋ ይያዛል፤ ሥራው ብዙ አይደለም፣ ቡሎኖቹ በቀላሉ የሚደረስባቸው ከሆነ።

መለኪያ ላይ ደግሞ ሁለት ነገር አትለፍ፤ የአየርና የቤንዚን ድብልቁን ልክ የሚያሳይ ዋይድባንድ ኦክስጅን ሴንሰርና ከዜሮ ጀምሮ የሚለካ የማኒፎልድ ግፊት መለኪያ። ተራው የቱርቦ ጌጅ በዙሪያው ካለው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያሳይህ፤ ለእኛ አገር አሳሳች ነው። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥተህ በፈጣን መንገዱ እስከ አዳማ ስትወርድ ቁጥሩ እየጨመረ ሲሄድ በዓይንህ ታየዋለህ። የኢንተርኔት ላይ ክርክር ሁሉ በዚያች መንገድ ያልቃል።

ሱሉልታ_1600 | ሐሙስ ማታ 2፡50

ቆጠርኩ። 4 ናቸው።

ሞተሩን አስነሥቼ ከፊት ቆሜ አየሁት፤ ፑሌጃው ሲዞር አይወዛወዝም። ቢያንስ በዓይን አይታይም። ክዳኑ ግን ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ጋሼ እንዳሉት።

የቶርኖ_ልጅ | ሐሙስ ማታ 3፡15

አለመወዛወዙ ደህና ነው። ግን በዓይን አትመን፤ ቅዳሜ ና፣ ጫፉ ላይ ጥቃቅን መወዛወዝ የሚለካ ዳያል ጌጅ አድርገን እናየዋለን። ታይሚንጉንም በስትሮብ መብራት እንፈትሻለን። ፋብሪካው ከላይኛው ሙት ነጥብ (ፒስተኑ ከፍ ብሎ ከሚደርስበት ጫፍ) በፊት 10 ዲግሪ ይላል፤ ምልክቱ የሚዘል ከሆነ ሽብልቋ መላወስ ጀምራለች ማለት ነው። ቡሎኑን በተገኘው ኪያቬ እየደበደቡ የሚያጠብቁ አሉ፤ በልክ በሚያጠብቅ ቶርክ ኪያቬ እንጂ በጉልበት አይሆንም።

ጤነኛ ከሆነ እንደ አሁኑ ዕድሜውን ይጨርሳል። ሱፐርቻርጀር ሊሸከም ይችላል ወይ ብትለኝ፣ የሚጭኑ አሉ፣ ለዓመታት የነዱም አሉ። እኔ ግን ብራኬቱን ከመሥራቴ በፊት «ይህ ክራንክ ነገ ቢበላ ሌላ ከየት ታመጣለህ?» ብዬ እጠይቅሃለሁ።

ቱርቦ_ቡራዩ | ሐሙስ ማታ 3፡22

😏

የቶርኖ_ልጅ | ሐሙስ ማታ 3፡25

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ።

ጋሽ_ማርሚታ | ዓርብ ጠዋት 1፡15

ሦስተኛ መንገድ አለ። የማዝዳ 323 ቢፒ ሞተር፣ 1.8ቱ፣ የዚህ ሞተር ታላቅ ወንድም ነው። ማዝዳ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ኤምኤክስ-5 ላይ የገጠመው ያንኑ ቤተሰብ ነው። ሶማሌ ተራ ጠያይቅ፤ 323 ስለነበረ ሞተሩ ሊገኝ ይችላል። በፊት ጎማ ለሚጎትት መኪና የተሠራ ስለሆነ የውኃ መውጫውና ማኒፎልዱ ከራስህ ሞተር መዛወር አለባቸው። ነገር ግን በኋላ ከወጡት ካገኘህ የክራንክ አፍንጫው ችግር የለበትም፣ ከ200 ሲሲ በላይም ትጨምራለህ፣ ሱፐርቻርጀሩንም በኋላ እሱ ላይ ትሰቅለዋለህ። ሊብሬህ ላይ የሞተር ቁጥር እንደተጻፈ አትርሳ፤ ሞተር ከቀየርክ አስመዝግበህ ነው፤ አለበለዚያ ለቦሎ ምርመራ ስትሄድ መኪናህ እዚያው ትቀራለች። ግዢውን በደረሰኝ አድርገው።

ከዚያ ደግሞ ፍሬን። ዳገቱን በፍጥነት የወጣ ሰው በዚያው ቁልቁለት ይወርዳል። የፍሬን ሸራውንና ዲስኩን ሳታይ ስለ ጉልበት አታውራኝ።

ነዳጅ_መስመር | ዓርብ ቀን 8፡40

ዘግይቼ ገባሁ፣ ስለ ነዳጅ ማንም ስላላወራ ልጨምር። የ1.6ቱ አየር መለኪያ በር ያለው ዓይነት ነው፤ አየሩ በሩን ገፍቶ ሲከፍተው ኮምፒውተሩ የመከፈቱን ልክ አይቶ ቤንዚን ይሰጣል። በሩ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ የሚገባ አየር ግን ለኮምፒውተሩ የለም። ሱፐርቻርጀር ስትጨምር በትክክል እዚያ ትደርሳለህ፤ አየሩ ይጨምራል፣ ቤንዚኑ ይቆማል። ፒስተን የሚቀልጠው እንዲህ ነው። ግፊት በሚሰጥበት ሰዓት ድብልቁ ከ12 አየር ለ1 ቤንዚን የቀጠነ እንዲሆን አልፈልግም።

የድሮዎቹ ኪቶች ግፊት ሲጨምር የነዳጅ ግፊቱን አብሮ የሚጨምር ሬጉሌተር ነበር የሚያደርጉት። ይሠራል፣ ግን ልክ አይይዝም፤ በተለይ ሱሉልታና አዋሽ አንድ ዓይነት ባልሆኑበት አገር። የእኔ ምክር አየር መለኪያውን አውጥተህ በማኒፎልድ ግፊትና በአየር ሙቀት የሚያሰላ ኮምፒውተር፣ ሜጋስኩዌርት ወይም መሰሉን ማድረግ ነው። ኮምፒውተሩ ግፊቱን ከዜሮ ጀምሮ ስለሚያነብ ቁልቁለት ስትወርድ ቤንዚኑን ራሱ ይጨምራል፣ ካንዴላው የሚፈነጥቅበትንም ሰዓት ራሱ ያዘገየዋል። ቤንዚኑን የሚረጩት ኢንጀክተሮችም መተለቅ አለባቸው፤ የድሮዎቹ ለ115 የፈረስ ጉልበት የተለኩ ናቸው። ካንዴላውን አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ አድርግ፣ ክፍተቱንም ጥበበው፤ ግፊት ውስጥ ብልጭታው ይጠፋል።

ብራችሁን ከፋፍላችሁ አውጡ ብትሉኝ፣ መጀመሪያ ኮምፒውተሩና ኢንጀክተሮቹ፣ ሱፐርቻርጀሩ መጨረሻ። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ተገላቢጦሹን ነው፤ የሚያብረቀርቀው ዕቃ ቀድሞ ይገዛል፣ ለቤንዚኑ ሲደርስ ብሩ ያልቃል። ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ቀይ_ካንዴላ | ዓርብ ማታ 1፡00

እኔ ፉጨቱን ነበር የፈለግሁት፤ እናንተ ትምህርት ቤት ከፈታችሁ።

ሱሉልታ_1600 | ዓርብ ማታ 2፡25

ዛሬ ጋሼ እንዳዘዙኝ በሁለተኛ ማርሽ እስከ 6,500 ይዣት ወጣሁ። ዶልፊኑን አልፌዋለሁ። ድምፅዋን እንዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቤንዚኑን እንኳ አታንሡብኝ።

ቢሆንም ሱፐርቻርጀሩን አልተውኩም። የገባኝን ልጻፍና አርሙኝ። ቅዳሜ ለገጣፎ ክራንኩ ይታያል፣ ኮምፕሬሽኑ ይለካል። ራዲያተርና ፍሬን ይቀጥላል። ከዚያ ኮምፒውተርና ኢንጀክተር ያለ ሱፐርቻርጀር ይገጠሙና መኪናዋ በደንብ ትሂድ። ክራንኩ ጤነኛ ካልሆነ 1.8 እፈልጋለሁ፣ ጤነኛ ከሆነ ደግሞ እናያለን። ጥያቄው የአክስቴ ልጅ ነው፤ ሻጩ እስከ ሰኞ ብቻ አቆይልሃለሁ ብሎታል። ዕቃውን ይግዛው ወይስ ይተወው? መርሴዲስ ኤስኤልኬ 230 ላይ ያለው ኤም62 ይሻላል የሚሉም አሉ።

ሒሳብ_በደብተር | ዓርብ ማታ 2፡50

ኤም62 በአንድ ዙር ወደ 1 ሊትር ስለሚያስተላልፍ በዝግታ ዞሮ ያንኑ ይሠራል። የመጀመሪያዎቹ ኤስኤልኬዎች ላይ ያለው እንደ አየር ማቀዝቀዣ ኮምፕሬሰር በኤሌክትሪክ ክላች የሚለቅና የሚይዝ ነው፤ ለክራንክህ አፍንጫ ጥሩ ነገር ይመስላል፣ ግን በከፍተኛ ዙር ድንገት ሲይዝ የሚመታው ያንኑ አፍንጫ ነው። ለ1.6 ኤም45 ይበቃል። 1.8 ከገባ ኤም62ን አስብ።

የቶርኖ_ልጅ | ዓርብ ማታ 3፡05

ርካሽ ከሆነ ይግዛው፣ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ አይበላሽም። ግን ሳያይ አይክፈል። ፑሌጃውን በእጁ ያዙረው፤ ያለ መቆራረጥ መዞር አለበት፣ ብረት ከብረት ሲፋቅ ከተሰማ ይተወው። ፑሌጃውን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቀው፤ ከተላወሰ የፊት ኩሽኔታው አልቋል። በአየር መግቢያው በኩል በስልኩ መብራት ይይ፤ ሮተሮቹ ላይ ያለው ሽፋን ተልጦ ከሆነ ይተወው፤ ዘይት ካለ ደግሞ ዘይቱን የሚያግደው ጎማ አልቋል።

አንድ ነገር ደግሞ፤ የሚኒው ኤም45 ከኋላው የውኃ ፓምፕ የሚያዞር ጥርስ አለው። ለአንተ አያስፈልግም፣ እኔ በክዳን እደፍነዋለሁ። ግን ዘይቱ ሳይቀየር ብዙ ስለሚነዳ በዚያ በኩል ያለው ጥርስ ደርቆ የሚበላበት ጊዜ አለ። የፊቱም የኋላውም ዘይት ይታይ። ማለፊያ ቫልቩ አብሮት ይምጣ፤ ያለ እሱ ሜዳ ላይ ስትነዳ እንኳ አየር እየጠቀጠቀ ቤንዚን ይበላብሃል።

ሱሉልታ_1600 | ዓርብ ማታ 3፡20

ላክሁለት። ነገ ከሥራ መልስ ሄዶ ያየዋል፤ ሲያዞረው ቪዲዮ ይቀርጻል፣ እዚህ እለጥፈዋለሁ።

ቀይ_ካንዴላ | ዓርብ ማታ 3፡21

ድምፅ ያለው ይሁን።